ከሞት ተርፎ የሚንገዳገድ ሰው፦ የአንባብያን ጥያቄና የሐኪም መልስ

በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል አራቱ ከሰሜን ሸዋ የተላኩ ናቸው። ጸሐፊዎቻቸው አይተዋወቁም፤ አንዱ ከደጋው፣ ሌላው ከቆላው ነው የጻፈው። ይሁን እንጂ ሦስቱ የሚናገሩት በጽኑ ሕሙማን ክፍል ተኝቶ ስለዳነ፣ ከዳነ በኋላ ግን ጆሮው ወይም የሰውነቱ ሚዛን እንደ ቀድሞው ስላልሆነ ሰው ነው፤ አራተኛው ደግሞ በዚያው ክፍል ሳለ ጆሮው አለመስማቱ ሳይታወቅለት ስለቀረ ሰው ነው። ስለዚህ ጉዳይ የሚጻፈው ጥቂት፣ በየቤቱ ያለው ችግር ግን ብዙ በመሆኑ የዚህን እትም ዓምድ ሙሉ በሙሉ ለእነርሱ ሰጥቼዋለሁ።

ጥያቄ፦ «ይድረስ ለዶክተር። የምጽፍልዎት ከመሐል ሜዳ ነው። የ61 ዓመት አዛውንት የሆነው አባቴ አንጀቱ ተበስቶ በድንገት ቀዶ ሕክምና ከተደረገለት በኋላ 16 ቀን በጽኑ ሕሙማን ክፍል ተኝቶ፣ ከዚያም ውስጥ 6ቱን ቀን በመተንፈሻ ማሽን ተረድቶ፣ በእግዚአብሔር ቸርነትና በሐኪሞች ትጋት ወደ ቤቱ ተመልሷል። ቁስሉ ደርቋል፤ እህልም ይበላል። ነገር ግን ከወጣ ሦስተኛ ወሩን ይዞ ሳለ ቀጥ ብሎ መሄድ አልቻለም። ቀን ቀን በዱላው እየተደገፈ ይንቀሳቀሳል፤ ሲመሽ ግን ከደጅ እስከ በረት እንኳ መድረስ ያቅተዋል። ‹ስራመድ ጋራው አብሮኝ ይዘላል› ይለናል። ፊቱን ሊታጠብ ዓይኑን ሲጨፍን ሁለት ጊዜ ወድቋል። ራሱን አያዞረውም፤ ጆሮውም ይሰማል፤ አእምሮውም ደህና ነው። ጎረቤት ‹ጠጥቶ ነው› እያለ ሲያማው መስማቱ ከሕመሙ ይልቅ ጎድቶታል። ዘመዶቻችን ጸበል ውሰዱት ይላሉ። የመውጫ ወረቀቱ ላይ ሴፍትሪያክሶን፣ ሜትሮኒዳዞል፣ ጀንታማይሲንና ላሲክስ የሚሉ ስሞች ተጽፈዋል። ይህ የድካም ነገር ነው ወይስ ሌላ በሽታ ተጨምሮበት ነው?»

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ በመጀመሪያ የመውጫ ወረቀቱን ጠብቀው ስላቆዩ አመሰግንዎታለሁ። ብዙ ቤተሰብ ያንን ወረቀት በመጀመሪያው ሳምንት ይጥለዋል፤ ለአባትዎ ጉዳይ ግን ከማንኛውም ውድ ምርመራ በፊት መንገድ የሚያሳየን እርሱ ነው።

አባትዎ የሚናገሯቸው ሦስት ነገሮች፣ ማለትም በጨለማ መሄድ አለመቻላቸው፣ ዓይናቸውን ሲጨፍኑ መውደቃቸውና ሲራመዱ ጋራው አብሯቸው የሚዘል መምሰሉ፣ አንድ ላይ ሲገኙ የሚያመለክቱት በሁለቱም ጆሮ ውስጥ ያለው የሚዛን አካል መጎዳቱን ነው። ሰው ሚዛኑን የሚጠብቀው በሦስት ነገሮች ነው፤ በዓይኑ፣ ከእግሩና ከመገጣጠሚያዎቹ ወደ አንጎል በሚሄደው ስሜት፣ እንዲሁም በውስጠኛው ጆሮ ውስጥ ባሉት ጥቃቅን የሚዛን ከረጢቶችና ሦስት ቀለበት መሰል ቱቦዎች። ከሦስቱ አንዱ ቢጠፋ ሁለቱ ይይዙታል። የጆሮው ሚዛን የጠፋበት ሰው ቀን ብርሃን ሳለ በዓይኑ ተደግፎ ይሄዳል፤ ሲመሽ ወይም ዓይኑን ሲጨፍን ግን የሚቀረው እግሩ ብቻ ስለሆነ ይወድቃል።

ጋራው የሚዘለውም ለዚሁ ነው። ጤነኛ ሰው ሲራመድ ራሱ በእያንዳንዱ እርምጃ ወደ ላይና ወደ ታች ይላል፤ የውስጥ ጆሮው ይህን በቅጽበት ለዓይን ጡንቻዎች ስለሚነግራቸው ዓይን በተቃራኒው ይንቀሳቀስና የሚያየው ነገር ረግቶ ይታየዋል። መልእክተኛው ሲጠፋ ዓለም ከእርምጃው ጋር ይዘላል። ስትሬፕቶማይሲን በሚባል መድኃኒት ታክሞ ሚዛኑን ያጣ አንድ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1952 ስለራሱ ሲጽፍ፣ አልጋው ላይ ተኝቶ ማንበብ የቻለው ራሱን በአልጋው ራስጌ ባሉት ሁለት ብረቶች መካከል አስደግፎ ነበር ይላል፤ የልብ ምቱ ራሱን በትንሹ ሲነቀንቀው እንኳ ፊደሉ ይዘልበት ነበርና። አባትዎ በራሳቸው ቃል የነገሩዎት ይህንኑ ነው፤ እንዲህ አጥርቶ የሚናገር ሕመምተኛ የሐኪሙን ሥራ ግማሹን ሠርቶለታል።

ራሳቸውን አለማዞሩ ሊያሳስትዎ አይገባም። አንድ ጆሮ ብቻ ሲጎዳ ሁለቱ ጆሮዎች ለአንጎል የሚልኩት መልእክት ስለሚለያይ ቤቱ የሚሽከረከር ይመስላል። ሁለቱም እኩል ሲጎዱ ግን ልዩነት ስለሌለ መሽከርከር አይኖርም፤ መንገዳገድ ብቻ ይቀራል። ብዙ ሕመምተኞች «አያዞረኝም» በማለታቸው ብቻ ችግሩ ሳይታወቅ ይቀራል።

ምክንያቱ ምን ይሆን? ከወረቀቱ ላይ በጣም የምጠረጥረው ጀንታማይሲንን ነው። ጀንታማይሲን፣ ስትሬፕቶማይሲን፣ አሚካሲንና ካናማይሲን አሚኖግላይኮሳይድ የሚባሉ አንድ ቤተሰብ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒቶች ናቸው። በውስጠኛው ጆሮ ውስጥ ድምፅንና እንቅስቃሴን የሚቀበሉ ፀጉር መሰል ህዋሳት አሉ፤ ለመስማት የሚያገለግሉት በአንድ ጆሮ ወደ 15,000 ገደማ ብቻ ሲሆኑ በሰው ላይ አንዴ ከሞቱ የመስሚያዎቹ ተመልሰው አይተኩም፤ የሚዛኖቹም ቢሆኑ ተመልሰው ይሠራሉ ማለት አይቻልም። እነዚህ መድኃኒቶች ወደ ህዋሳቱ ውስጥ ገብተው ለረጅም ጊዜ ስለሚቆዩ ጉዳቱ መርፌው ካለቀ ከቀናት ወይም ከሳምንታት በኋላ ሊገለጥ ይችላል። ጀንታማይሲንና ስትሬፕቶማይሲን ይበልጥ የሚጎዱት ሚዛንን ሲሆን አሚካሲንና ካናማይሲን ይበልጥ የሚጎዱት መስማትን ነው። አባትዎ እየሰሙ የሚንገዳገዱት ስለዚህ ሊሆን ይችላል። ላሲክስ፣ ማለትም ሽንት የሚያስወጣው ፉሮሴማይድ፣ ብቻውን ሲሰጥ የሚያመጣው የጆሮ ጉዳት አብዛኛውን ጊዜ የሚመለስ ነው፤ ከአሚኖግላይኮሳይድ ጋር ሲደመር ግን አንዱ የሌላውን ጉዳት ያባብሳል። ኩላሊት በከባድ ሕመም ምክንያት ሥራው ከቀነሰ ደግሞ መድኃኒቱ ከሰውነት ቶሎ ስለማይወጣ አደጋው ይጨምራል።

ይህን ስጽፍ አንድ ነገር እንዲታወቅልኝ እፈልጋለሁ። አንጀቱ ተበስቶ ሆዱ በተመረዘ ሰው ላይ ጀንታማይሲን መስጠት ስህተት አይደለም፤ ርካሽ፣ በየቦታው የሚገኝና ፈጥኖ የሚሠራ መድኃኒት ስለሆነ የብዙ ሰው ሕይወት ተርፎበታል። መጠኑ ትክክል ሆኖ እንኳ ጉዳቱ የሚደርስባቸው ሰዎች አሉ። የማዝነው መድኃኒቱ በመሰጠቱ አይደለም፤ ሕመምተኛው ሲወጣ «ሚዛንዎን ወይም ጆሮዎን ሊነካው ይችላልና ተጠንቅቀው ይመልከቱት» የሚለው ሰው ባለመኖሩ ነው እንጂ።

ሌሎች ምክንያቶችም መታየት አለባቸው። ለሳምንታት የተኛ ሰው ጡንቻው ይሟሽሻል፤ በከባድ ሕመም ወቅት የእግር ነርቮችም ሊጎዱ ይችላሉ። እንዲህ ያለው ሰው ከወንበር ለመነሳት ይቸገራል፣ ዳገት ያቅተዋል፤ ሆኖም ቀንና ሌሊት ያን ያህል አይለያዩበትም፣ ከወር ወደ ወርም እየተሻለው ይሄዳል። የደም ግፊት ሲቆሙ የሚወርድባቸውም አሉ፤ ጤና ጣቢያ ሄደው ተኝተው አንድ ጊዜ፣ ከተነሱ በኋላ እስከ 3 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ደግሞ ሌላ ጊዜ ይለኩላቸው፤ የላይኛው ቁጥር በ20 ወይም ከዚያ በላይ ከወረደ ምክንያቱ ሌላ ነው ወይም ተጨማሪ ነው።

እቤት ውስጥ ልታዩት የምትችሉት አንድ ነገር አለ። አባትዎ ግድግዳ ጥግ ቆመው፣ እርስዎ ከአጠገባቸው ሆነው ለመያዝ ተዘጋጅተው፣ እግራቸውን ገጥመው ዓይናቸውን ይጨፍኑ። ከዚያም ወለሉ ላይ በታጠፈ አጎዛ ላይ ቆመው ይድገሙት። በደረቅ መሬት ላይ ዓይናቸውን ጨፍነው ቆመው በአጎዛው ላይ ግን ወዲያው የሚወድቁ ከሆነ፣ እግራቸው ጥሩ ስሜት ሲያጣ የሚደግፋቸው የጆሮ ሚዛን የለም ማለት ነው። ይህ ምርመራን አይተካም፤ ለሐኪሙ ስትነግሩት ግን ይረዳዋል። ከዚያ ሪፈር አስጽፋችሁ ደብረ ብርሃን ወይም አዲስ አበባ ወደሚገኝ የአንገት በላይ ሐኪም ውሰዷቸው፤ የመስማት ምርመራም አብሮ ይደረግላቸው፤ ይሰማሉ ብለን ብንገምትም በመጀመሪያ የሚጎዳው ቀጭኑ ድምፅ ስለሆነ ላይታወቅ ይችላልና።

ሕክምናው ክኒን አይደለም። ለማዞር የሚሰጡትን እንደ ሲናሪዚን፣ ፕሮሜታዚንና ዲያዜፓም ያሉ መድኃኒቶች ለረጅም ጊዜ እንዳይወስዱ አጥብቄ እመክራለሁ፤ እነዚህ አንጎል በዓይንና በእግር መተማመንን እንዳይማር ያዘገዩታል። የሚረዳው ልምምድ ነው። በወረቀት ላይ አንድ ትልቅ ፊደል፣ ለምሳሌ «ሀ» ጽፋችሁ በዓይናቸው ትክክል ግድግዳ ላይ ለጥፉ፤ ፊደል የማያውቁ ከሆነ መስቀል ይሳሉላቸው። አባትዎ መጀመሪያ ተቀምጠው፣ ኋላ ቆመው፣ ዓይናቸውን ከፊደሉ ላይ ሳያነሱ ራሳቸውን ወደ ቀኝና ወደ ግራ፣ ቀጥሎም ወደ ላይና ወደ ታች፣ ፊደሉ ሳይደበዝዝባቸው በሚችሉት ፍጥነት ለ1 ደቂቃ ያህል ያንቀሳቅሱ፤ ያርፉ፤ ይድገሙት። ሁለቱም ጆሮ ለተጎዳበት ሰው የሚመከረው በቀን ከ3 እስከ 5 ጊዜ፣ በድምሩ በቀን ከ20 እስከ 40 ደቂቃ፣ ለ5 እስከ 7 ሳምንት ያህል ነው። መጀመሪያ ላይ ማቅለሽለሽ ቢመጣ አይደንግጡ፤ ቀንሰው ይቀጥሉ። ከዚህ ጋር በየቀኑ፣ መጀመሪያ ሰው ይዟቸው፣ መራመድ ያስፈልጋቸዋል። ተቀምጠው በዋሉ ቁጥር አንጎላቸው የሚማርበት ነገር ያጣል።

ዱላውን እንዲተዉ አታድርጉ። ዱላ የሚደግፈው ክብደትን ብቻ አይደለም፤ መሬቱ የት እንዳለ በእጅ በኩል ለአንጎል ይነግረዋል። በቅዳሴ ጊዜም መቋሚያ ይያዙ። እግራቸው መሬቱን እንዲያውቅ ሶሉ ጠንካራና ቀጭን የሆነ ጫማ ይሻላቸዋል። ሌሊት ሲነሱ ባትሪ ከራስጌያቸው አይጥፋ፤ ወደ ኪዳን ወይም ማኅሌት ሲሄዱ ክንዳቸውን የሚይዝ ልጅ አብሯቸው ይሂድ። የመንዝን የገደል አፋፍ መንገድ በምሽት፣ በጭጋግ ወይም በበቅሎ ብቻቸውን አይሂዱት፤ የሣር ክምር ላይም አይውጡ።

ስለ ጸበሉ ጠይቀዋል። ጸበል መጠመቃቸውን አልቃወምም፤ ለመንፈሳቸው ብርታት ይሆናቸዋል። ነገር ግን ውሃ በራሳቸው ላይ ሲወርድ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፣ የሚረግጡት ድንጋይም ያዳልጣል፤ ስለዚህ ሁለት ሰው ግራና ቀኝ ይዟቸው፣ ቢቻል ተቀምጠው ይጠመቁ። ወንዝም ሆነ ኩሬ ውስጥ ብቻቸውን ፈጽሞ አይግቡ፤ የጆሮ ሚዛኑን ያጣ ሰው ውሃ ውስጥ ሲሰጥም ላይና ታችን መለየት ያቅተዋል። ጎረቤቶቻችሁንም አንድ ቀን ቡና ላይ ሰብስባችሁ ይህን መልስ አንብቡላቸው። አባትዎ ሰካራም አይደሉም፤ ይህ በግልጽ ሊነገርላቸው ይገባል።

ጥያቄ፦ «የምኖረው ሸዋ ሮቢት ነው። የ7 ዓመት ሴት ልጄ በማጅራት ገትር ታማ 9 ቀን በጽኑ ሕሙማን ክፍል ቆይታ ዳነችልኝ። ከወጣች አንድ ወር ሊሞላ ነው። ከዚያ ወዲህ ስጠራት አንዳንዴ ትዞራለች፣ አንዳንዴ ዝም ትላለች። አስተማሪዋ ‹እልኸኛ ሆናለች› ይላል። እናቴ ደግሞ ‹ከሕመሙ የተነሳ ነው፣ ሲያድር ይተዋታል› ትለኛለች። ልጠብቅ?»

መልስ፦ እናቴ፣ አይጠብቁ። ይህን ደብዳቤ ያነበብኩት ዛሬ ነው፤ መጽሔቱ እጅዎ እስኪገባ ጊዜ ስለሚያልፍ በአድራሻዎም መልስ ልኬልዎታለሁ፤ እዚህ የማትመው ለሌሎች እናቶች ብዬ ነው።

በባክቴሪያ የሚመጣ ማጅራት ገትር ከልጆች መስማት ማጣት ዋና ዋና መነሻዎች አንዱ ነው። ጀርሙ ከአንጎል ሽፋን ወደ ውስጠኛው ጆሮ የሚያልፍበት ጠባብ መንገድ አለ፤ ጉዳቱም አብዛኛውን ጊዜ በበሽታው የመጀመሪያ ቀናት ይደርሳል። ስለዚህ ከማጅራት ገትር የዳነ ልጅ ሁሉ ከሆስፒታል ከመውጣቱ በፊት፣ ካልተቻለም ለምርመራ ከበረታ በኋላ በ4 ሳምንት ውስጥ ጆሮው በመሣሪያ መመርመር አለበት። ልጁ የሚሰማ ቢመስልም እንኳ ይህ አይቀርም።

የማቻኮለው ምክንያት አለኝ። ከማጅራት ገትር በኋላ ቀንድ አውጣ የሚመስለው የመስሚያ ቱቦ ውስጡ እየተሞላ ወደ አጥንት ሊለወጥ ይችላል፤ ይህም በሳምንታት ውስጥ ሊጀምር ይችላል። በሁለቱም ጆሮ ክፉኛ የደነቆረ ልጅ በቀዶ ሕክምና የሚተከል የመስሚያ መሣሪያ ቢያስፈልገው፣ ቱቦው ከተደፈነ በኋላ መትከሉ እጅግ ይከብዳል። መሣሪያው ውድ ነው፣ ለሁሉም አይደርስም፤ ነገር ግን ልጅቱ ትፈልገው እንደሆነና የት እንደሚገኝ መጠየቅ የሚቻለው ጊዜው ሳያልፍ ብቻ ነው። ጉዳቱ መካከለኛ ከሆነ ጆሮ ላይ የሚደረገው የመስሚያ መሣሪያ ይረዳታል። ሁለቱም ካልሆኑ የምልክት ቋንቋ ቋንቋዋ ይሆናል፤ ልጅ ያለ ቋንቋ መቀመጥ የለበትም።

አንዳንዴ መዞሯ አያታልልዎት። ልጆች ጥላ ያያሉ፣ የወለሉ ንዝረት በእግራቸው ይሰማቸዋል፣ የበሩ ነፋስ ይነካቸዋል። ማጨብጨብም መፈተኛ አይሆንም። ለአስተማሪዋ ይህን ገጽ ያሳዩት፤ እስክትመረመር ድረስ ከፊት ያስቀምጣት፣ ፊቱን ወደ እርሷ አዙሮ ያስተምር፣ እልኸኛ ብሎ አይቅጣት። ስትሮጥ የምትወድቅ ወይም በጨለማ የምትፈራ ከሆነም ይናገሩ፤ ማጅራት ገትር ሚዛንንም ሊጎዳ ይችላል፤ ልጆች ግን ይህን በቃል መግለጽ አይችሉም።

ጥያቄ፦ «ከደብረ ሲና ነው። በመኪና አደጋ ራሴን ተመትቼ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ነበርኩ። አሁን አልጋ ላይ ስገለበጥ ወይም ቀና ስል ቤቱ ለጥቂት ሰከንድ ይሽከረከርብኛል፤ ከዚያ ይተወኛል። ከጣርማ በር ወደ ታች ስወርድም ጆሮዬ ይደፈናል። አንጎሌ ውስጥ ደም ቀርቶ ይሆን?»

መልስ፦ በመገልበጥ ብቻ የሚመጣና ከ1 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ የሚጠፋ መሽከርከር አብዛኛውን ጊዜ ምንጩ ጆሮ ነው። በሚዛን ከረጢቱ ላይ ያሉት ጥቃቅን የካልሲየም ቅንጣቶች በምቱ ወይም ለረጅም ጊዜ በመተኛት ተነቅለው ወደ ቀለበቱ ቱቦ ይገባሉ፤ ራስ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ይንሸራተቱና ያሽከረክራሉ። ሐኪም ወይም የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ኤፕሊ በሚባለው ዘዴ ራስዎን በቅደም ተከተል አዟዙሮ ቅንጣቶቹን ወደ ቦታቸው ይመልሳቸዋል፤ ብዙ ሰው በአንድ ወይም በሁለት ጊዜ ይድናል። አንገትዎ በአደጋው ተጎድቶ ከነበረ ግን ይህን ከማድረጋቸው በፊት አስቀድመው ይንገሯቸው።

የጆሮዎ መደፈን ከከፍታው የተነሳ ነው፤ ጤነኛም ሰው ከጣርማ በር ሲወርድ ያገኘዋል። ምራቅ ይዋጡ፣ ያዛጉ። መደፈኑ ከቀናት በኋላ ካልለቀቀዎት፣ ከጆሮዎ ውሃ የመሰለ ፈሳሽ ከወጣ፣ ፊትዎ ከተጣመመ፣ ወይም መስማትዎ ከአደጋው ወዲህ ከቀነሰ ግን የጆሮው አጥንት ተሰንጥቆ ሊሆን ስለሚችል ሳይዘገዩ ይመርመሩ። ከባድ ራስ ምታት፣ ማስመለስ፣ የአንድ ጎን መዛል ወይም እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት ከመጣ በዚያው ቀን ሆስፒታል ይሂዱ።

ጥያቄ፦ «በደብረ ብርሃን ነርስ ነኝ። በጽኑ ሕሙማን ክፍል የነበሩ የ74 ዓመት እናት ‹ይቃዣሉ› ተብለው እጃቸው ታስሮ የሚያረጋጋ መድኃኒት ሲሰጣቸው ቆየ። በ4ኛው ቀን ልጃቸው መጥቶ ‹እማዬ እኮ ጆሯቸው አይሰማም፣ መሣሪያቸው እቤት ቀርቷል› አለን። መሣሪያው መጥቶ ጆሯቸው ላይ ሲደረግ ተረጋጉ። ይህ ነገር እንዳይደገም እኛ ምን ማድረግ እንችላለን?»

መልስ፦ እህቴ፣ ጥያቄሽን ካነበብኩ በኋላ ለረጅም ጊዜ ተቀምጬ አሰብኩ፤ እኔም በወጣትነቴ በአንድ ሆስፒታል ስሠራ በአንድ አዛውንት ካርድ ላይ «ትእዛዝ አይቀበልም» ብዬ ጽፌ ነበርና። ትእዛዜን አልሰሙትም ነበር እንጂ ሰምተው አልነበረም እምቢ ያሉት። ያ ጽሑፍ ለቀጣዩ ተረኛ፣ ከእርሱም ለሚቀጥለው ሄደ፤ ሁላችንም አንጎላቸው ተጎድቷል ብለን ለቀናት እንደዚያው አስተናገድናቸው።

በሁላችንም ክፍል ውስጥ ያለው ወጥመድ ይህ ነው። ንቃተ ሕሊናን የምንለካበት፣ እ.ኤ.አ. በ1974 የወጣው የግላስጎው መለኪያ ከፍተኛውን የእንቅስቃሴ ነጥብ የሚሰጠው ትእዛዝ ሰምቶ ለሚፈጽም ነው። መቃዠትን የምንመረምርበት ዘዴም ፊደላት እየጠራን «ይህችን ፊደል ስትሰማ እጄን ጭመቅ» እያልን ነው። ጆሮው የማይሰማ ሰው ሁለቱንም ይወድቃል፤ እኛም የጆሮውን ችግር ለአንጎሉ እንሰጠዋለን። ስለዚህ ትእዛዙን በቃል ከመስጠታችሁ በፊት ፊት ለፊት ቆማችሁ በእጃችሁ አሳዩት፤ እጃችሁን ጨብጣችሁ ስትከፍቱ እርሱም ከተከተለ አእምሮው አለ ማለት ነው።

ሕመምተኛው ሲገባ ቤተሰቡን «ቀድሞ ይሰማ ነበር ወይ? መነጽር፣ የመስሚያ መሣሪያ ወይም ሰው ሠራሽ ጥርስ አለው ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ካለም በዚያው ቀን እንዲያመጡት አድርጉ። በዚያው ጥያቄ ላይ አንድ ጨምሩ፦ «በእናቱ ወገን መርፌ ተወግቶ የደነቆረ ሰው አለ ወይ?» በእናት በኩል ብቻ የሚወረስ አንድ የዘር ለውጥ ያለባቸው ሰዎች በጥቂት መጠን አሚኖግላይኮሳይድ እንኳ መስማታቸውን ሊያጡ ይችላሉ። መልሱ አዎ ከሆነ ሐኪሙ ሌላ መድኃኒት እንዲመርጥ ወዲያው ንገሩት።

ቀጥሎ ጆሮውን በመብራት ተመልከቱ። ኩክ ብቻ የደፈነው ብዙ ሰው አለ። በአፍንጫ ቱቦ የገባለትና ለቀናት በጀርባው የተኛ ሰው ደግሞ ከታምቡሩ ጀርባ ፈሳሽ ይጠራቀምበታል፤ ከአፍንጫ ጀርባ ወደ ጆሮ አየር የሚያስገባው ቱቦ ስለሚዘጋ ነው። እነዚህ ሁለቱ የሚድኑ ናቸው፤ ሳይታዩ ሲቀሩ ግን ሕመምተኛውን ከዓለም ይለዩታል።

ስለ መድኃኒቱ ያላችሁ ሥልጣን ከምታስቡት ይበልጣል። ጀንታማይሲን ወይም አሚካሲን የታዘዘለት ሰው ክሬያቲኒኑ (የኩላሊት ሥራ የሚታይበት የደም ምርመራ) መቼ ታየ፣ ዛሬ ስንተኛ ቀኑ ነው፣ የባክቴሪያው ካልቸር (ጀርሙ የሚለይበት ምርመራ) ውጤት መጥቶ መድኃኒቱን መቀየር አይቻልም ወይ ብሎ በየማለዳው የሚጠይቅ ሰው ሲኖር ብዙ ቀን መርፌ ይቀራል። ላሲክስን በብዛት ስትሰጡ በአንዴ አትግፉት፤ ከፍተኛ መጠን ሲሆን በደቂቃ ከ4 ሚሊግራም ባልበለጠ ፍጥነት ይሰጥ። የነቃ ሕመምተኛ «ጆሮዬ ጭው ይላል» ካለ ቀላል አድርጋችሁ አታሳልፉት፤ አንዳንድ ጊዜ ከመስማት ማጣት በፊት የሚመጣ የመጀመሪያ ማስጠንቀቂያ ነው። ኩዊኒን የሚባለው መድኃኒት ለከባድ ወባ የተሰጠው ሰውም ይህን ይላል፤ የእርሱ አብዛኛውን ጊዜ መድኃኒቱ ሲቆም ይተወዋል። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ለተላመደበት ሰው ይሰጡ የነበሩትን ካናማይሲንና ካፕሪዮማይሲን የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2019 ወዲህ እንዳይመከሩ ማድረጉን ታስታውሺ ይሆናል፤ ብዙ ሰው ከነቀርሳው ድኖ ደንቁሮ መቅረቱ ለዚህ ውሳኔ አንዱ ምክንያት ነበር።

የመስማት መቀነስ የሚጀምረው በቀጭኑ ድምፅ ነው ብያለሁ። በእኛ ቋንቋ ይህ ማለት ሕመምተኛው ድምፅሽን ይሰማል፣ ቃሉን ግን አይለይም ማለት ነው። «ሰው»፣ «ጨው»፣ «ተው» የሚሉት ሦስት ቃላት የሚለያዩት በመጀመሪያው ድምፅ ብቻ ነው፤ እነዚህ ሦስቱ አንድ የሚሆኑበት ሰው የምትናገሪውን እየሰማ አይገባውም። መጮህ አይረዳውም። ቀስ ብለሽ፣ ጭንብልሽን ማውረድ የሚቻልበት ቦታ ከሆነ አውርደሽ፣ ብርሃኑ ፊትሽ ላይ እንዲያርፍ ሆነሽ ተናገሪ። ማንበብ ለሚችል ሰሌዳና እርሳስ፣ ለማይችል ደግሞ ውሃ፣ ሕመም፣ ሽንት ቤት፣ ብርድና ልጅ የሚሉት የተሣሉበት አንድ ካርቶን ይዘጋጅ፤ በአንድ ከሰዓት በኋላ በነጻ የሚሠራ ነገር ነው።

ድምፁም ራሱ ሕመም ነው። የዓለም የጤና ድርጅት በሕሙማን ክፍል ውስጥ ድምፅ በአማካይ ከ30 ዴሲቤል እንዳይበልጥ ይመክራል፤ የትኛውም የጽኑ ሕሙማን ክፍል በማሽን ጩኸትና በእኛ ወሬ ከዚህ እጅግ ያልፋል። ሌሊት የማንቂያ ደወሎቹን እንደ ሕመምተኛው ሁኔታ አስተካክሉ፣ የብረት ቆሻሻ መያዣውን ክዳን በእጅ ዝጉ፣ ወሬውንም ወደ ውጭ አውጡ። የተኛው ሰው አይሰማም ብላችሁ በራስጌው ስለ እርሱ አትነጋገሩ፤ ማደንዘዣ ላይ ያለ ሰው እንኳ አንዳንድ ጊዜ ይሰማል።

ሲወጣ በመውጫ ወረቀቱ ላይ ጆሮን የሚነካ መድኃኒት ስሙ፣ መጠኑና የቀናቱ ብዛት ይጻፍ፤ ለቤተሰቡም በቃል «ከዛሬ ጀምሮ ለሁለትና ሦስት ወር ያህል መስማቱንና አካሄዱን ተመልከቱ፣ ከተለወጠ ተመለሱ» ይባል። እስከዚያው ግን የማይሰማ ሰው በተኛበት አልጋ ራስጌ፣ ተረኛው ሁሉ እንዲያነበው፣ በትልልቅ ፊደል «ጆሮዬ አይሰማም፤ ፊት ለፊት ቆማችሁ አናግሩኝ» የሚል ወረቀት ለጥፊ።